ፍርሃቱ ሳይለቀኝ ዋና ተማርኩ

ዋና የተማርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ውሃ ከጉልበቴ ከፍ ካለ ትንፋሼ ይቆራረጥ ነበር። ዛሬ በጥልቁ የገንዳ ክፍል ወዲያና ወዲህ እዋኛለሁ። በመሃል የሆነውን ልጻፈው ያልኩት፣ እዚያ የተማርኩት ነገር ከውሃ ውጭም ስለሠራልኝ ነው። ስብሰባ ላይ ለመናገር ለሚቸገር፣ ሥራ መቀየር እየፈለገ ማመልከቻ ማስገባት ለከበደው፣ የተማረውን ቋንቋ ሰው ፊት ለመናገር ለሚያፍር ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከምቾት ቀጠና ስለመውጣት ብዙ ምክር ሰምቻለሁ። "ድፈሪ" ይሉኛል። "ዝም ብለሽ ግቢበት፣ ከገባሽ በኋላ ይለቅሻል" ይሉኛል። መካሪዎቼ ክፉ አልነበሩም፤ ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ግን አንዳቸውም እንዴት እንደሚደፈር አልነገሩኝም። እኔም በልቤ አንድ ነገር እጠብቅ ነበር፤ ፍርሃቱ እስኪለቀኝ። አንድ ቀን ተነስቼ እንደማልፈራ ሆኖ ይሰማኛል፣ ያኔ እሄዳለሁ እል ነበር። ያ ቀን ሳይመጣ ዓመታት አለፉ።

"ዝም ብለሽ ግቢበት" የሚለውን ምክር በተግባር አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ አንድ ትልቅ ሰው "ከገባች ትለምዳለች" ብሎ ወደ ውሃ ወረወረኝ። ወዲያው አወጡኝ፤ ምንም አልሆንኩም። ግን አልለመድኩም። በአፍንጫዬ የገባው ውሃ፣ ከእግሬ ሥር ምንም አለመኖሩ፣ የሰዎቹ ሳቅ ከሩቅ መሰማቱ በውስጤ ቀረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ከዚያ በኋላ ገንዳ ብቻ አልነበረም የምፈራው። ጀልባ አልሳፈርም። ድልድይ ላይ ቆሜ ወደ ታች አላይም። ፊቴን ስታጠብ እንኳ ውሃው ከአፍንጫዬ እንዳይደርስ እጠነቀቅ ነበር።

ይህ ለምን እንደሚሆን ኋላ ላይ አነበብኩ። ሮበርት የርክስ እና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ አንድ ጥናት አሳተሙ። አይጦቹ ሁለት መንገዶችን መለየት እንዲማሩ ነበር የፈለጉት። ሲሳሳቱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ያገኛቸዋል። ልዩነቱ ለመለየት አስቸጋሪ በሆነበት ጊዜ፣ መጠነኛ ንዝረት ያገኛቸው ከሁሉም ፈጥነው ተማሩ። በጣም ደካማው ንዝረት ብዙም አልረዳም። በጣም ኃይለኛው ደግሞ ትምህርቱን አዘገየው። አይጥና ሰው አንድ አይደሉም። ግን እኔ በዚያ ውሃ ውስጥ ምንም ያልተማርኩበትን ምክንያት ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ የለም። ድንጋጤው ከልክ ሲያልፍ ሰው የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ወደዚያ አለመጠጋትን።

ስለዚህ አንድ ሰው "ራስህን ወደ ጥልቁ ወርውር" ቢላችሁ፣ እባካችሁ አትቸኩሉ። አንዳንዱን ሰው ይሠራለት ይሆናል። ለእኔ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግቶብኛል።

ሌላው የዘጋብኝ ነገር ሽሽቱ ራሱ ነው። ጓደኞቼ ለዋና ሲጠሩኝ ሁሌም ምክንያት ነበረኝ። ራሴን አሞኛል፣ ልብስ አልያዝኩም፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ። ምክንያቱን እንደተናገርኩ ደረቴ ላይ የነበረው ጫና ወዲያው ይለቀኛል። እፎይ! ያ እፎይታ ጣፋጭ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። አእምሯችን እፎይታን እንደ ሽልማት ይቆጥረዋል። "ሸሸሁ፣ ተረፍኩ" ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ሲመጣ ትንሽ በርትቶ ይመጣል፤ ሽሽቱም ይቀልላል። ደግሞም የሸሸ ሰው የፈራው ነገር እውነት ይሁን ውሸት አያይም። እኔ እሰምጣለሁ ብዬ አምን ነበር፤ ግን ልጅ ከነበርኩበት ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልሞከርኩትም። ያልተፈተነ እምነት ይዤ ነው የኖርኩት።

የነቃነቀኝ ጀግንነት አልነበረም። የእህቴ ልጅ ዋና ወደደ። እኔ ዳር ተቀምጬ ፎጣ ይዤ እጠብቀዋለሁ። "አክስቴ፣ አንቺስ?" ይለኛል። መልስ የለኝም። ከእሱ ጋር ውሃ ውስጥ መሆን ፈለግሁ፤ በጣም ፈለግሁ። ይህን የምጠቅሰው ፍላጎቱ ትልቅ ቦታ ስላለው ነው። ራስን ለማጠንከር ብቻ ተብሎ የሚደረግ ነገር፣ አስቸጋሪው ቀን ሲመጣ ብዙ አያስኬድም። ከፍርሃቱ ወዲያ የምትፈልጉት ነገር ሊኖር ይገባል።

አሰልጣኜ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ውሃ ውስጥ አላስገባችኝም። ገንዳው ዳር እግራችንን ሰቅለን ተቀመጥን።

"ምንድነው የሚፈሩት?" አለችኝ።

"ውሃ" አልኳት።

"እሱን አውቃለሁ። ውሃ ውስጥ ሲገቡ በትክክል ምን ይሆናል ብለው ነው የሚፈሩት?"

ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቀስ በቀስ አወጣሁት። ፊቴን ውሃ ውስጥ ከከተትኩ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጠርዙን ከለቀቅሁ እንደ ድንጋይ ወደ ታች እወርዳለሁ። ከወረድኩ ተመልሼ አልወጣም። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ይስቅብኛል። እሷ አንድ በአንድ ጻፈችው። "ጥሩ" አለች፤ "አሁን የምንፈትነው ነገር አለን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን አልተውኩም። አዲስ ነገር ስፈራ "እፈራለሁ" ብዬ አላቆምም። ምን ይሆናል ብዬ እንደምፈራ እጽፋለሁ። ደግሞ በዓይን ሊታይና ሊረጋገጥ በሚችል መልኩ። "ይጨንቀኛል" የሚለው አይሠራም፤ መቼም ይጨንቀኛል። "ጥያቄ ብጠይቅ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያየኛል፣ መልስ የሚሰጠኝ የለም" የሚለው ግን ይፈተናል። ከሙከራው በኋላ ተመልሼ የጻፍኩትን አነባለሁ። ሆነ ወይስ አልሆነም? ካልሆነ፣ በምትኩ ምን ሆነ? መጻፉ የሚጠቅመው አእምሯችን ቶሎ ስለሚረሳ ነው። የፈራነው ሳይደርስ ሲቀር "እንደ አጋጣሚ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ወረቀቱ ላይ ሲከማች ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የእኔ ወረቀት ላይ የተጻፉት አብዛኞቹ አልደረሱም።

የመጀመሪያው ፈተና ትንፋሽ ነበር። ወገቤ ድረስ በሚደርስ ውሃ ቆሜ፣ ጠርዙን ይዤ፣ አፌን ብቻ ውሃ ውስጥ ከትቼ አረፋ ማውጣት። ቀጥሎ አፍንጫዬን። ቀጥሎ ዓይኔን፣ መነጽር አድርጌ። ውሃ የሚፈራ ሰው ፊቱን ሲከት ትንፋሹን አጥብቆ ይይዛል። እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው። አሰልጣኜ የነገረችኝ ነገር ብዙ ቀየረ። ትንፋሽ ስንይዝ "ተንፍስ፣ ተንፍስ" የሚለን ጥድፊያ በዋናነት የሚመጣው ኦክስጅን ስላለቀብን አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማችን ውስጥ ስለሚጨምር ነው። ስለዚህ ያ የመታፈን ስሜት ሲጀምር ገና ጊዜ አለን። ዋናተኛም ትንፋሹን ጨብጦ አይቆይም፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ በአፍንጫና በአፍ ቀስ ብሎ ያወጣዋል። ከዚያ ፊቱን ከውሃ ሲያወጣ ማስገባት ብቻ ነው የሚቀረው። እኔ ግን አየሩን ይዤ ስለምቆይ፣ ከውሃ ስወጣ በአንዴ ላወጣም ላስገባም ስታገል ነበር የምደናገጠው። አረፋውን መልቀቅ ስጀምር የመታፈኑ ስሜት በጣም ቀነሰ።

ሁለተኛው ፈተና የማልረሳው ነው። "እንደ ድንጋይ እወርዳለሁ" ብዬ ነበር አይደል? አሰልጣኜ ደረቴ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ አቆመችኝና "አየር በደንብ ይሳቡ፣ ከዚያ ገንዳው ወለል ላይ ይቀመጡ" አለችኝ። ሞከርኩ። አልተቻለም። ጉልበቴን አጥፌ ወደ ታች ብገፋም ውሃው ወደ ላይ ይመልሰኛል። ደግሜ ሞከርኩ። መልሶ አነሳኝ። በአየር የተሞላ ሳንባ ያለው የአብዛኛው ሰው አካል ከውሃ ትንሽ ይቀልላል፤ ለዚህ ነው የሚንሳፈፈው። አየሩን ሲያወጣ ብዙ ሰው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይህን ማንም ቢነግረኝ "እሺ" ብዬ አልፈው ነበር። ለመስጠም እየታገልኩ አለመስጠሜን በገዛ አካሌ ሳየው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከብዙ ማበረታቻ የበለጠ ያ አንድ ደቂቃ ሠራልኝ።

በነገራችን ላይ ይህ ቀስ እያሉ የመቅረብ ዘዴ አዲስ አይደለም። ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1924 ስለ አንድ ትንሽ ልጅ ጽፋለች። ልጁ ሦስት ዓመት ገደማው ነው፤ ጥንቸል ይፈራል። ልጁ የሚወደውን ነገር እየበላ ሳለ ጥንቸሏን በሽቦ ቤት ውስጥ አድርገው ከሩቅ ያሳዩት ነበር። ሲለምድ ትንሽ ያቀርቧታል። ሲለምድ እንደገና። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን ይዳስሳት ጀመር። ማንም አልገሠጸውም፣ ማንም አልገፋውም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ፍርሃትን ለማከም የዳበሩት ዘዴዎች መነሻቸው ከእንዲህ ዓይነት ሙከራዎች ነው።

እርምጃው ምን ያህል ይሁን? እኔ ከዜሮ እስከ አሥር እሰጠዋለሁ። ዜሮ ማለት ሶፋ ላይ መቀመጥ ነው። አሥር ማለት ልጅ ሆኜ የተወረወርኩበት ቀን። አምስት አካባቢ የሚሆነውን እመርጣለሁ። ልቤ ይመታል፣ ግን የሚነገረኝን መስማት እችላለሁ። መለኪያዬ ይሄ ነው፤ መስማት የምችል ከሆነ መማር እችላለሁ። ስምንት ከደረሰ እቀንሰዋለሁ። ሁለት ከሆነ ደግሞ ጊዜ እያባከንኩ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይመስለኛል የሚቆመው።

ትንሽ እየለመድኩ ስሄድ አንድ ልማድ አወጣሁ። ሁሉንም ልምምድ አደርጋለሁ፣ ግን ሁሌም ከጠርዙ አጠገብ። ሙሉ እጄን አልይዝም፤ አንድ ጣት ብቻ። አንዲት ጣቴ ጠርዙን ከነካች እግሬን አነሳለሁ፣ እንሳፈፋለሁ፣ ፊቴን እከታለሁ። የሚያየኝ ሰው "ቻለች" ይላል። እኔም ችያለሁ ብዬ አስብ ነበር። አሰልጣኜ ግን አየችኝ። "ያቺ ጣት ምን እየሠራች ነው?" አለችኝ።

አንድ ጣት ማንንም ከመስጠም አያድንም። በጣት ጫፍ ጠርዝ በመንካት የተንሳፈፈ ሰው የለም። ግን በእኔ አእምሮ ውስጥ ሥራዋ ትልቅ ነበር። ሳልሰምጥ በቀረሁ ቁጥር ምስጋናው ለጣቷ ይሄድ ነበር፤ "ጠርዙን ስለነካሁ ነው የተረፍኩት"። ስለዚህ ስንት ጊዜ ብለማመድ ፍርሃቴ ከቦታው አልተነቃነቀም። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ነገር በደንብ ያውቁታል። ሰው የሚፈራው ቦታ ይገባል፣ ግን የሆነ ነገር ተደግፎ ይገባል፤ በኋላ የተረፈው በድጋፉ እንደሆነ ያምናል።

እስቲ የራሳችሁን ጣት ፈልጉ። ንግግር ሲያደርግ ከወረቀቱ ላይ ዓይኑን የማያነሳ ሰው አለ። ግብዣ ሄዶ ስልኩን ከእጁ የማያስቀምጥ አለ። አዲስ ቦታ ያለ አንድ ጓደኛው የማይሄድ አለ። ሥራውን ለሰው ሲያሳይ "ገና አላለቀም፣ ዝም ብዬ ነው የሞከርኩት" ብሎ የሚጀምር አለ። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም ከምቾት ቀጠናቸው ወጥተዋል። ውስጣቸው ግን ጠርዙን አልለቀቀም። መጀመሪያ ላይ ድጋፍ መያዝ ምንም ክፋት የለውም፤ እኔም ይዣለሁ። ግን ድጋፉን የምትለቁበትን ቀን አስቀድማችሁ ወስኑ። ካልወሰናችሁ እሱ ራሱ ሌላ የምቾት ቀጠና ይሆናል።

ጣቷን የለቀቅኩት አሰልጣኜ አንድ ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ ቆማ ነው። "አይዞዎት፣ እዚህ ነኝ፤ ግን አልይዝዎትም" አለችኝ። በጀርባዬ ተኛሁ፣ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ገባ፣ ጣቴን አነሳሁ። ልቤ በጣም ይመታ ነበር። አልሰመጥኩም። እግሬ ትንሽ ወረደ፤ ጭንቅላቴን ቀና ለማድረግ ስለሞከርኩ ነው። ጭንቅላት ቀና ሲል እግር ይወርዳል። ወደ ኋላ መልሼ ሳስተኛው እግሬ ተነሳ። ከዚያ ጣራውን እያየሁ ቆየሁ። ያን ቀን ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፤ "ለቀቅሁ። ፈራሁ። ተንሳፈፍኩ።" ሦስቱም በአንድ ጊዜ እውነት ነበሩ።

ለዚህ ነው ፍርሃቱ ሳይለቀኝ ተማርኩ የምለው። ልቤ መምታቱን አላቆመም። አደጋ አለ ብሎ አንጎል ሲያስብ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ሆድ ይገላበጣል። ይህን በትእዛዝ ማቆም አይቻልም። እኔ ብዙ ጊዜ "ተረጋጊ፣ ተረጋጊ" እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ስላልተረጋጋሁ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይጨመርብኛል። አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመችው ጥናት እዚህ ላይ ረዳኝ። ሰዎች ሰው ፊት ከመዝፈናቸው፣ ንግግር ከማድረጋቸው ወይም የሒሳብ ፈተና ከመውሰዳቸው በፊት "ጓጉቻለሁ" ብለው ለራሳቸው ሲናገሩ፣ ለመረጋጋት ከሚሞክሩት የተሻለ ውጤት አገኙ። ጉጉትና ፍርሃት በአካል ላይ ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ልብ ይመታል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ ወደ ጸጥታ ከመውረድ ይቀልላል። እኔ ገንዳው ዳር ቆሜ "ከልጁ ጋር ለመዋኘት ጓጉቻለሁ" እል ነበር። ውሸት አልነበረም።

ስለ ሰው ዓይን ጥቂት ልበል። ዙሪያዬን ያሉት አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ፤ እኔ ትልቅ ሴት ጥልቀት በሌለው ውሃ አረፋ አወጣለሁ። ሁሉም የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ቶማስ ጊሎቪች የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሰዎች ወዳሉበት ክፍል አስገቧቸው። ስንት ሰው ያስተዋላችሁ ይመስላችኋል ሲባሉ ግማሽ ያህሉ አሉ። በእርግጥ ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ነበር። ገንዳው ውስጥ ቀና ብዬ ዙሪያዬን በማየት ራሴ አጣራሁት። ልጆቹ ይራጫሉ። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ያያሉ። አንድ ሰው አየኝና ፈገግ ብሎ ወደ ዋናው ተመለሰ። በቃ።

ጥሩ እየሄድኩ ሳለ በሥራ ምክንያት ለረጅም ጊዜ አቋረጥኩ። ስመለስ ፍርሃቱ ቆሞ ጠበቀኝ። እንደ ድሮው ባይሆንም ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ለካ ምንም አልተለወጥኩም" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እውነቱ ሌላ ነው። ፓቭሎቭ የተባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት በውሾቹ ላይ ከመቶ ዓመት በፊት አይቶታል፤ ጠፋ የተባለ ልማድ ጊዜ ሲያልፍ መልሶ ብቅ ይላል። አሮጌው ትምህርት አይሰረዝም። አዲሱ ጎኑ ላይ ይጻፋል፣ ሁለቱም ይኖራሉ። የምንለማመደው አዲሱ ቀድሞ እንዲመጣ ነው። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው በጣም ፈጠነልኝ። ደግሞም የአንድ ቦታ ድፍረት ሌላ ቦታ ሲሄዱ ይቀንሳል። ሌላ ገንዳ ስሄድ፣ ወለሉ ጠቆር ያለ ስለነበር ብቻ ጉልበቴ ከዳኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ከለመዳችሁ በኋላ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ አብሯችሁ ያለውን ሰው እየቀያየራችሁ ተለማመዱት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። ውሃን የደፈርኩ ሰው ሁሉንም የምደፍር መስሎኝ ነበር። በስብሰባ ላይ ግን እንደ ድሮዬ ዝም አልኩ። አልበርት ባንዱራ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ስለ "እችላለሁ" እምነት የጻፈው ይህን ያብራራል። ይህ እምነት በዋናነት የሚገነባው ነገሩን ራሱን ሠርቶ በማየት ነው፤ ከአንድ ሙያ ወደ ሌላው ሙሉ በሙሉ አይተላለፍም። ድፍረቱ አልተሻገረም። መንገዱ ግን ተሻገረ። ምን ይሆናል ብዬ እፈራለሁ? ብናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ አለቃዬ ሐሳቤን ያጣጥለዋል። አምስት የሚሆነው እርምጃ የቱ ነው? አንድ አጭር ጥያቄ መጠየቅ። ጣቴስ የቷ ናት? ከመናገሬ በፊት "ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ግን" ማለቴ። ጥያቄውን ያለ እሷ ጠየቅሁ። ድምፄ በእርግጥ ተንቀጠቀጠ፤ እሱ ደርሷል። ሐሳቤን ግን ማንም አላጣጣለም። አንዱ ባልደረባ "እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር" አለ። ድምፅ ቢንቀጠቀጥም ጥያቄ እንደሚመለስ ያን ቀን አየሁ።

ሁሉም ፍርሃት ግን ሊደፈር አይገባም። የውሃ ፍርሃት ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ሰምጠው እንደሞቱ ይገምታል። ስለዚህ "አልፈራም" ብሎ ብቻውን ወንዝ የሚገባውን ሰው ደፋር አልለውም። ትንፋሼን ለማርዘም ብሎ ደጋግሞ በፍጥነት እየተነፈሰ የሚጠልቅም እንዲሁ። እንዲህ ሲደረግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ያ "ተንፍስ" የሚለው ማስጠንቀቂያ ይዘገያል፤ ሰው ሳያውቀው ውሃ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። የሚያስፈራ ስለሆነ ብቻ ምንም ነገር ማድረግም አይጠበቅባችሁም። ጓደኞቼ ከአውሮፕላን በጃንጥላ እንዝለል ሲሉ አልሄድኩም። ከዚያ ወዲያ የምፈልገው ነገር የለም። ሐዘን ላይ ያለ፣ የታመመ፣ ሥራ የበዛበት ሰው ደግሞ ምቾቱ ውስጥ ቢቆይ መብቱ ነው። ሰው የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ፍርሃታችሁ ከከባድ አደጋ ወይም ከደረሰባችሁ ጥቃት የመጣ ከሆነ፣ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ፣ ወይም ስታስቡት ብቻ ትንፋሽ የሚያሳጣችሁ ከሆነ ለብቻችሁ አትጀምሩት። በዚህ የሠለጠነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። የሚሠሩት ከላይ ከነገርኳችሁ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ መጠኑን የሚለካ ሰው አጠገባችሁ መኖሩ ነው።

ዋና መማር የምትፈልጉ ትልልቅ ሰዎች ካላችሁ፣ አሰልጣኙን ሳትመዘገቡ በፊት አናግሩት። ከዚህ በፊት ውሃ የሚፈራ ትልቅ ሰው አስተምሮ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። "አቁም" ብላችሁ ስትሉት ወዲያው እንደሚያቆም ቃሉን ተቀበሉ። የነፍስ አድን ሠራተኛ ባለበት፣ እግራችሁ ወለሉን በሚነካበት ክፍል ጀምሩ፤ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ፊታችሁን በደንብ የሚገጥም መነጽር ያዙ፤ ውሃ የሚያስገባ መነጽር ያላስፈላጊ ድንጋጤ ያመጣል። "ዝም ብለው ይግቡ፣ ይለምዱታል" የሚል አሰልጣኝ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።